አሮጌው ካኖንና አዲሱ ሚረርለስ

ዛሬ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ካሜራ ይዤ ገባሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የእኔ ካኖን 1300ዲ ነው። ሌላው ጓደኛዬ ያዋሰኝ ካኖን አር50፣ ማለትም ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ነው።

ውስጡ ጨለም ይላል፤ ፍላሽ ደግሞ አይታሰብም። የ1300ዲ የፎከስ ነጥቦች (ምስሉን ለማጥራት የሚያነጣጥርባቸው) 9 ብቻ ናቸው፤ በደንብ የሚሠራውም የመሀሉ ነው። ጣሪያው ላይ ካሉት መላእክት የአንዱን ፊት እስኪይዝ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ሲል አንገቴ ደረቀ። አር50ን ወደ ላይ ሳዞረው ግን የፎከሱ ካሬ ዘላ የመልአኩ ዓይን ላይ ቁጭ! የተሳለ ፊት እንኳ አይቀረውም። ሳቄ አመለጠኝ (ቄሱ ዞር ብለው አይተውኛል)።

ደግሞ ገና ሳልጫን የፎቶው ብርሃን በመመልከቻው ይታያል። በአሮጌው አንስቶ፣ አይቶ፣ አስተካክሎ እንደገና ነው።

ግን አትቸኩሉ። ከአር50 ጋር የሚሸጠው 18-45 ሚሊሜትር ሌንስ ብዙ ብርሃን አያስገባም፤ 18 ላይ የእሱ ኤፍ 4.5፣ የእኔ ኤፍ 3.5 ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል)። ባትሪውም ቶሎ ይሞታል። የእኔ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ወደ 500 ፎቶ ያነሳል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይሄ ቀላል አይደለም። ፋሲል ግቢ በጠራራ ፀሐይ ያነሳኋቸውንማ እህቴ የትኛው በየትኛው እንደተነሳ መለየት አቃታት።

ሰርግ የሚያነሳ ሰው አር50ን ይግዛ። እኔ ግን መጀመሪያ ለአሮጌው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው የምፈልገው።