ዝም ያለው የመስኮት ሴንሰር

አንድ ቀን ማታ ከሥራ ገብቼ ወደ ሥራ ክፍሌ ስገባ ካልሲዬ በአንዴ ራሰ። ምንጣፉ ውሃ ጠጥቷል። ቀና ስል መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ ሲወርድ ነበር የዋለው። ስልኬን አውጥቼ አፑን ስከፍት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የሥራ ክፍል መስኮት፦ ዝግ»። አጠገቡ አረንጓዴ ምልክት ሳይቀር አለ። አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ ስልኬን እያየሁ ትንሽ ቆምኩ።

መስኮቱ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ለአፑ የሚናገረው ሴንሰር አልተበላሸም። ባትሪው ካለቀ 9 ቀን ሆኖታል። ከማለቁ በፊት የላከው የመጨረሻ መልእክት «ተዘግቷል» የሚል ነበር፣ አፑም ያንኑ ቃል ይዞ 9 ቀን ሙሉ ሲደግምልኝ ከርሟል። መጀመሪያ ሴንሰሩን ተናደድኩበት፣ ከዚያ አፑን፣ በመጨረሻ ግን ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ገባኝ፤ ምክንያቱም እነዚህን ነገሮች ስገጥም ዝም ካሉ ሁሉም ሰላም ነው ብዬ ነበር። ዝም ያለ ሴንሰር ግን ወይ የሚነገር ነገር የለውም፣ ወይ ሞቷል። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ዕቃው ራሱ በጣም ቀላል ነው። ሁለት ቁራጭ አለው። ትልቁ ባትሪና ሬዲዮ የያዘው ነው፣ ብዙ ጊዜ መቃኑ ላይ ይለጠፋል። ትንሹ ውስጥ ያለው ማግኔት ብቻ ነው፣ እሱ የሚንቀሳቀሰው መዝጊያ ላይ ይሆናል። ትልቁ ውስጥ ሪድ ስዊች የምትባል ማብሪያ አለች፤ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሁለት የብረት ምላሶች ሊነካኩ ትንሽ ቀርቷቸው ተቀምጠዋል። ማግኔት ሲጠጋ ይሳሳቡና ይነካካሉ። ሲርቅ ይላቀቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የስልክ ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ዋልተር ኤልዉድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 የፈጠራት ናት፣ በኋላም በስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች በብዛት አገልግላለች። አንዳንድ አዳዲስ ሴንሰሮች በእሷ ፋንታ ማግኔትን የምትለይ ትንሽ ቺፕ ይጠቀማሉ፣ ሥራው ግን ያው ነው።

እንግዲህ ሴንሰሩ በር የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ማግኔት አጠገቡ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ማግኔቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ ካልራቀ ለእሱ ዝግ ነው። በሩ ይቆለፍ አይቆለፍ አያውቅም። መስታወቱ ተሰብሮ ሰው ቢገባ እንኳ መዝጊያው ከቦታው እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ትንፍሽ አይልም፣ ስለዚህ «ቤቴን ይጠብቅልኛል» ብሎ የገዛው ሰው ትንሽ ቀዝቀዝ ቢል ይሻለዋል። በማጠፊያው በኩል መለጠፍም ስህተት ነው፤ እዚያ ጋ በሩ በደንብ ተከፍቶ እንኳ ማግኔቱ ብዙም ላይርቅ ይችላል። እጀታው ባለበት ጎን፣ ከላይ፣ እዚያ ነው ቦታው። ደግሞ ትልቁ ቁራጭ ጎን ላይ ትንሽ ጭረት ወይም ቀስት አለች። ማግኔቱ ከእሷ ትይዩ መሆን አለበት። እኔ ይህችን ጭረት ጌጥ መስላኝ ሁለቱን ሴንሰሮች አዙሬ ለጥፌ ግማሽ ቀን ስታገል ውያለሁ።

የብረት በር ሌላ ጣጣ ነው። ብረት የማግኔቱን ኃይል ወደራሱ ይስባል፣ ሬዲዮውንም ያፍናል። ከሥሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ አስገብቼ ከብረቱ ሳርቀው ተስተካከለ። አሉሚኒየም ማግኔቱን አይነካውም፣ ሬዲዮውን ግን እሱም ይጋርዳል።

ወደ ሬዲዮው እንምጣ፤ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የገዛኋቸው በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ርካሾች ነበሩ። እነሱ መልእክታቸውን አየር ላይ ወርውረው ይተኛሉ፣ ደረሰ አልደረሰ አይጠይቁም። የኔዎቹ ጭራሽ መከፈትን እንጂ መዘጋትን አይናገሩም ነበር። አስቡት፣ በሩ ተከፈተ ይልሃል፣ ከዚያ እስከ ዕለተ ሞትህ ክፍት ነው። ብዙዎቹ መልእክታቸውንም አይመሰጥሩም፣ ስለዚህ በቅርብ ያለ የሚያውቅ ሰው ሊሰማቸውም ሊያስመስላቸውም ይችላል። ዋይፋዮቹን ደግሞ ሀብ፣ ማለትም የሴንሰሮቹን መልእክት የሚቀበል ማዕከላዊ ዕቃ፣ ስለማይፈልጉ ሰው ይወዳቸዋል። ነገር ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ሴንሰሩ ከእንቅልፉ ነቅቶ ከራውተሩ ጋር እንደ አዲስ መተዋወቅ አለበት፣ ይሄ ጊዜም ባትሪም ይበላል። ቀን ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ለሚውል በር አልመክራቸውም።

እኔ ዚግቢ በሚባለው፣ ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ የቤት ዕቃዎች በተሠራው የሬዲዮ ዘዴ ላይ ነው የረጋሁት። ሴንሰሩ ተኝቶ ይውላል፣ አንድ ነገር ሲፈጠር ነቅቶ አጭር መልእክት ይልካል፣ መድረሱን አረጋግጦ ይተኛል። ዜድ ዌቭ የሚባለው ሌላው ዘዴም ጥሩ ነው፣ ግን አገር ይለያል፦ የአውሮፓው በ868፣ የአሜሪካው በ908 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ ከአንዱ ሴንሰር ከሌላው ሀብ ከገዛችሁ አይነጋገሩም። ትሬድ የሚባል ሌላ የሬዲዮ ዘዴም አለ፣ ማተር ከሚባለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ከወጣው የስማርት ዕቃዎች የጋራ ቋንቋ ጋር ነው የሚነሳው። አዲስ የሚጀምር ሰው ቢያየው አይከፋም።

ዚግቢ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በባትሪ የሚሠሩት ሴንሰሮች የሌላውን መልእክት ተቀብለው አያሻግሩም። የሚያሻግሩት ሁሌም ከመብራት ጋር የተያያዙት ናቸው፣ እንደ ስማርት ሶኬትና አምፖል ያሉት። ጥግ ላይ ያለው መስኮቴ በየጊዜው ይጠፋብኝ ነበር፣ መሀል ኮሪደሩ ላይ አንድ ስማርት ሶኬት ስሰካ ቀጥ አለ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ከዚያ ባለቤቴ ምንጣፍ ልትጠርግ ሶኬቱን ነቅላ የመጥረጊያ ማሽኑን ሰካችበት፣ መልሳም አልሰካችውም፣ ለምን ትሰካዋለች፣ ማን ነገራት! በሁለተኛው ቀን ሦስት መስኮቶች ድምፃቸው ጠፋ። አፑ ላይ ግን ሦስቱም «ዝግ»። አሁን ሶኬቱ ላይ «አትንቀሉኝ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ዋይፋይም ዚግቢን ይረብሸዋል፣ ሁለቱም 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆኑ። የዋይፋያችሁ ቻናል 1 ወይም 6 ከሆነ ዚግቢውን ቻናል 25 ላይ ማድረግ ያርቃቸዋል፣ አልፎ አልፎ 25ን የማይወድ ዕቃ ቢያጋጥምም። ሌላው ስህተት ደግሞ የዚግቢውን መቀበያ ኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ዩኤስቢ 3 ላይ በቀጥታ መሰካት ነው። ዩኤስቢ 3 ራሱ በዚያው ሞገድ አካባቢ ጫጫታ ያወጣል። 1 ሜትር ገመድ ቀጥሎ ማራቅ ብዙ ለውጥ አለው። እኔ ሁለት ሴንሰር «ተበላሸ» ብዬ ከጣልኩ በኋላ ነው ይሄን ያወቅኩት።

ባትሪው። ብዙዎቹ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ይወስዳሉ፤ ቁጥሩ ራሱ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። ቮልቴጇ 3 አካባቢ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቆይና መጨረሻ ላይ ገደል ይገባል። ስለዚህ አፑ ላይ ያለው ፐርሰንት ብዙም አይታመንም። የኔው መስኮት ከመሞቱ በፊት ያሳየው 87 ፐርሰንት ነበር። ብርድ ላይ ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ፍሪጅ ውስጥ ወይም በረዷማ መስኮት ላይ ያለ ሴንሰር ቀድሞ ቢደክም አይግረማችሁ።

አሁን መፍትሔው። አብዛኞቹ የዚግቢ ሴንሰሮች ምንም ሳይፈጠር እንኳ በየተወሰነ ሰዓት «አለሁ» የሚል መልእክት ይልካሉ፣ አንዳንዱ በየሰዓቱ ገደማ፣ አንዳንዱ ዘግየት ብሎ። ማዳመጥ ያለባችሁ ይሄን ነው። እኔ ሆም አሲስታንት የሚባለውን የቤት ዕቃዎችን የሚያዝ ሶፍትዌር፣ ከእሱ ጋር ደግሞ የዚግቢ ዕቃዎችን የሚያገናኝለትን ዚግቢቱኤምኪውቲቲን ነው የምጠቀመው። ዚግቢቱኤምኪውቲቲ ዕቃው መኖር አለመኖሩን እንዲከታተል ካዘዛችሁት፣ በባትሪ ከሚሠራ ዕቃ 25 ሰዓት ድምፅ ከጠፋ «የለም» ይለዋል። ይሄ ክትትል እኔ ጋ ጠፍቶ ነበር። ማብራቱ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ ምንጣፉን ማድረቅ ሁለት ቀን ፈጀ።

ማብራቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ትእዛዞቹን የጻፍንበት መንገድም መታየት አለበት። እኔ ከቤት ስንወጣ መስኮቶቹን አይቶ በሚያስጠነቅቀን ትእዛዝ ላይ «ክፍት የሆነ መስኮት ከሌለ ዝም በል» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጥሩ ይመስላል፣ አይደል? ነገር ግን የሞተ ሴንሰር ክፍትም አይደለም። ስለዚህ ያልፋል። አሁን የተገላቢጦሽ ነው፦ «ሁሉም ዝግ መሆናቸውን ከተናገሩ ዝም በል፣ ካልሆነ ስማቸውን ጥራልኝ»። ዝግ፣ ክፍት፣ አይታወቅም፤ ሦስቱን ለይቶ ማየት ነው ቁም ነገሩ። የሚገርመው፣ ማግኔቱ ተላቆ ቢወድቅ ሴንሰሩ «ክፍት» ነው የሚለው፣ ያኔ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ባትሪው ሲሞት ግን የመጨረሻው ቃል ነው የሚቀረው። አንዱ ብልሽት ይጮሃል፣ አንዱ ይተኛል።

ተላቆ መውደቅን ካነሳን አይቀር፣ የምትለጥፉበትን ቦታ በአልኮል ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። አቧራ ላይ የተለጠፈ ሁሉ ይወድቃል።

ለምን ጠቀመኝ ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ላይ ምንም አልጠቀመኝም። በር በተከፈተ ቁጥር ስልካችን ላይ ኖቲፊኬሽን ነበር የሚመጣው። ባለቤቴ አንድ ሳምንት ታገሰችና «በሩ ሲጢጥ ሲል እኮ ይሰማኛል፣ ስልኩ ምን ሊጨምርልኝ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሚጠቅመው ተከፈተ የሚለው ሳይሆን ተከፍቶ ቀረ የሚለው ነው። አሁን የፍሪጁ በር 2 ደቂቃ ካለፈ ይነግረናል። መስኮት 3 ደቂቃ ተከፍቶ ከቆየ ኤሲው (የአየር ማቀዝቀዣው) ይቆማል፣ ሲዘጋ ይመለሳል፤ እዚህ ጋ ግን ኤሲውን ራሱ አጥፍቶት ከነበረ ብቻ እንዲመልስ አድርጉ፣ አለበለዚያ እናንተ ያጠፋችሁትን እኩለ ሌሊት ላይ ያበራላችኋል። አንድ መስኮታችን ነፋስ ሲነቀንቀው በደቂቃ አሥር ጊዜ ክፍት ዝግ ይል ነበር፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ ማለት ዝም አሰኘው። ኖቲፊኬሽን ሳይሆን ተግባር ያላቸውን ነው የምወደው፦ ሌሊት የመኝታ ቤት በር ሲከፈት የኮሪደሩ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ማንም አያስተውለውም፣ ሳይሠራ የቀረ ቀን ግን ሁሉም ይጮሃል።

የመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ የኔ ኩራት ነው። እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ብቻውን ሲሆን፣ ፀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ላይ መብራት ያጠፋል፣ እጁን እያወዛወዘ የሚያበራ ሰው ታውቃላችሁ። የበር ሴንሰር ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ እንቅስቃሴ ከታየ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ሰው አለ ማለት ነው፣ በግድግዳ አልፎ አይወጣም። በሩን ሳይዘጋ ለሚገባ ሰው ግን አይሠራም፣ ለሱ ያው የድሮው ሰዓት ቆጠራ ነው።

አንድ ሴንሰር ነቅያለሁ። የልጄ ክፍል በር ላይ ነበር። ማን በስንት ሰዓት ወጣ ገባ የሚለው ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ አንድ ቀን ዝርዝሩን ሳይ ልጄን እየሰለልኩ መሆኔ ታወቀኝና አፈርኩ። ለኤሲው ብዬ ነበር የገጠምኩት። መስኮቱ ላይ ያለው ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ልንወጣ ስንል ስልኬ «የኩሽና መስኮት፦ አይታወቅም» አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ተመለስኩ። መስኮቱ ዝግ ነበር። ባትሪ ቀየርኩለት፣ አንዴ ከፍቼ ዘጋሁት፣ ስልኩ ላይ ሲለዋወጥ አየሁና ወጣን።