ቡናው ከጥላ ሥር መጣ፤ ጆንያውስ?

ሰበታ ላይ ቡና ቆልቼ አሽጌ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አዘውትረው የሚያነሡብኝ ጥያቄ “ኦርጋኒክ ነው?” የሚል ነው። በአገራችን “አዎ” ብሎ መገላገል አያስቸግርም፤ አብዛኛው ገበሬ ቡናውን ያለ ዩሪያና ያለ ፀረ ተባይ ነው የሚያለማው። እኔ ግን ለዚህ መልስ አፌን ሞልቼ ከመናገሬ በፊት ቡናው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ተከትዬ ማየት ፈለግኩ።

አጋሮ አካባቢ ያየሁት ማሳ የሚያስመሰግን ነው። ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ አረሙ በእጅ ይታጨዳል፤ የረገፈው ቅጠልና የቡናው ገለፈት በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። በተለመደው ዘመናዊ እርሻ ግን እነዚህን ሥራዎች ፀረ አረምና የፋብሪካ ማዳበሪያ ይተካሉ። በበሽታም ረገድ ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ብዙ ምርት አጥፍቷል። አንዱ መከላከያ ፀረ ፈንገስ መርጨት ነው፤ ሌላው ደግሞ ከጅማ የምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ 74110 ያሉ በሽታን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መትከል ነው። ኦርጋኒክ ማለት ግን ምንም አይረጭም ማለት አይደለም፤ ከመዳብ የሚሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች በገደብ ይፈቀዳሉ። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው ደንበኞች አሉ።

ዋናው ጣጣ ያለው ከማሳው ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ገበያው ክፉኛ ተናግቶ ነበር፤ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ የተጫነበት ጆንያ ነው። ገበሬው ጠብታ ኬሚካል ሳይነካ ቡናው በማሸጊያው ሊበከል ይችላል ማለት ነው። እኔ የተከራየሁት መጋዘን ደግሞ ከእህል መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራል። የእህሉን መጋዘን ባለቤት “እትዬ፣ የነቀዝ መድኃኒት የምትጨምሩት መቼ ነው?” ብዬ ብጠይቃቸው “መቼ ያልጨመርኩበት ቀን አለ ልጄ!” ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቡናዬን ወደ ሌላ ክፍል አዛወርኩ። አሁን የማስገባው በአዲስ ጆንያ ብቻ ነው፤ ከወለሉ ከፍ አድርጌ እንጨት ላይ እደረድረዋለሁ፤ እያንዳንዱ ጆንያ ከየት እንደመጣ በመዝገብ ይሰፍራል። የሌላ ሰው ቡና ከቆላሁ በኋላ መቁያውን ጠርጌ፣ ጥቂት ቡና ቆልቼበት፣ ያንን ለይቼ አስቀምጬ ነው የራሴን የምጀምረው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ማሸጊያዬ ላይ “ኦርጋኒክ” ብዬ አልጽፍም። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ሕግ መሬቱ ከምርቱ በፊት 36 ወር ከተከለከሉ ኬሚካሎች መራቅ አለበት፤ ቁጥጥሩም በየዓመቱ ይደገማል። ወጪውን አንድ ገበሬ ብቻውን ስለማይችለው በማኅበር ተደራጅቶ በቡድን ይመሰከርለታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ለውጭ ገበያ ከሚያቀርበው ቡና መካከል እንዲህ የተመሰከረለት ይገኝበታል። ምስክር ወረቀቱ ግን ቡናውን ተከትሎ እኔ ቤት አይገባም፤ ቆልቶ የሚያሽገውም ራሱን ችሎ መመርመር ይኖርበታል። ለእኔ ትንሽ ቤት ይህ ወጪ ገና አያዋጣም።

ስለ ጣዕም የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። ቀይ ፍሬው ተለይቶ ካልተለቀመና ማድረቂያ አልጋ ላይ በወጉ እየተገላበጠ ካልደረቀ፣ ኬሚካል አለመነካቱ ስኒው ውስጥ አያድነውም። እንዲያውም ኬሚካል ካልነካው ግን አያያዙ ከተበላሸ ቡና ይልቅ ማዳበሪያ ያገኘውን በጥንቃቄ የተለቀመ ቡና እመርጣለሁ።

ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የምጽፈው የመጣበትን አካባቢ፣ ደረቅ ወይም የታጠበ መሆኑን፣ የተቆላበትንም ቀን ነው። ለሚጠራጠር ደንበኛ መዝገቡን እገልጥለታለሁ። “ኦርጋኒክ” የሚለውን ቃል በትልቁ የጻፈ ሱቅ ፍለጋ የሚሄድም አለ፤ የሚቀረው ግን ዋጋዬ ለምን ከፍ እንዳለ ሲጠይቀኝ አዲሱን ጆንያና የለቃሚውን ክፍያ ቆጥሬ አሳየዋለሁ።