ጥፋቱ የከረሜላ መስሎኝ ነበር

የትልቁ ልጄ የላይኛው የፊት ጥርሶች ገና በሦስት ዓመቱ ጠቁረው ነበር። ጎረቤቶቼ «የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ይነቀላል፤ ምን ያስጨንቅሻል?» ይሉኛል። እኔም ስለቀለለኝ አመንኳቸው። አንድ ሌሊት ግን ጉንጩን ይዞ ሲያለቅስ አደረ። ሲነጋ አዝዬው ከአራት ኪሎ ፒያሳ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ገና ሳይፈርስ ነው።

ሐኪሟ አፉን እንዳየች «ጡጦ ይዞ ነው የሚተኛው?» አለችኝ። ክው አልኩ። በምን አወቀች? እውነትም በየማታው ስኳር የበዛበት ሻይ በወተት እየጠባ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። ልጅ ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥርሱን የሚያጥብለት ነገር የለም። ጣፋጩ ላይኞቹ የፊት ጥርሶች ላይ ያድራል። ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ጥርሱን ይበላዋል። የታችኞቹን ግን ምላስ ስለሚሸፍናቸው ይተርፋሉ። የልጄም የታችኞቹ ነጭ ነበሩ። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ከባለሱቁ ጋር ተጣላሁ! «ዝርዝር የለም» እያለ መልሱን በከረሜላ ስለሚሰጠው።

ሁለት ጥርስ ተነቀለ፣ አንድ መንጋጋ ተሞላ። «ይነቀላል» ያልነው ጥርስ ለካ ለቋሚው ቦታ ይዞ የሚጠብቅ ነው። የኋላ የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ያገለግላሉ።

ጡጦውን በአንድ ጊዜ ብነጥቀው ሰፈሩ አይተኛም። ስለዚህ ሻዩን በየማታው በውሃ እያቀጠንኩ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ንጹህ ውሃ ሲሆንበት ራሱ ወረወረው። ከዚያ የከበደኝ አያቱ ናቸው። ቡና በተፈላ ቁጥር ስኒው ሥር የቀረውን ስኳር በማንኪያ ያቀምሱታል። አልተከራከርኳቸውም፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ «እማማ፣ አብረን እንሂድ» አልኳቸው። ከሐኪሟ አፍ ሰሙ። አሁን ጎረቤት ስኳር ሊሰጠው ሲል ቀድመው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

ማጽዳቱ ላይም መጀመሪያ ተሸውጃለሁ። ብሩሹን ለራሱ ሰጥቼ «ጎበዝ!» እላለሁ፤ እሱ የጥርስ ሳሙናውን ይመጠምጣል። ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ አካባቢ ብቻውን በደንብ አያጸዳም። አሁን ሶፋ ላይ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ከላይ ሆኜ አጸዳለታለሁ። ሁሉም ወለል ብሎ ይታየኛል። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ጠዋት ብንረሳ እንኳ የማታውን አንዘልም።

የመጀመሪያው የልጆች ሳሙናችን እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል እንጂ ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከለው ማዕድን፣ አልነበረውም። ካርቶኑን ማንበብ ነበረብኝ። ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (ካርቶኑ ላይ «ppm» ተብሎ የሚጻፈው መጠን) ፍሎራይድ ያለው ይመረጣል። ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የምታክል በቂ ናት። ካጸዳ በኋላ ይተፋል እንጂ በውሃ አይጉመጠመጥም፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይለት። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን ሰዎች ይህቺ ምክር በረከት ናት!

ለታናሽ እህቱ ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀምሬ ነው ያጸዳሁላት። ተቅማጥ ሲይዛት «ግግ ነው፣ አስወጪላት» ያለኝ ሰው ነበር። ጆሮ አልሰጠሁም። ግግ የሚሉት የድድ እብጠት ሊወጣ ያለ ጥርስ ነው። በወር አንዴ ከንፈሯን ገልበጥ አድርጌ ድዷ አጠገብ ነጭ መስመር እፈልጋለሁ። መበስበስ ሲጀምር እንደዚያ ነው የሚታየው፤ በዚያ ደረጃ ከተደረሰበት ሳይቦረቦር ሊድን ይችላል።

ትልቁ አሁን ስድስት ሞላው። ባለፈው ሳምንት ከኋላ በኩል፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አዲስ መንጋጋ ብቅ አለ። «እማ፣ ይሄም ይነቀላል?» አለኝ። ይሄኛው አይለወጥም። ገና ዝቅ ያለ ስለሆነ ብሩሹ ዘሎት ያልፋል፤ ስለዚህ በጎን አስገብቼ ለብቻው አሸዋለሁ።