ሌሊት የሚሠራ ቤት ፈቃድ በእንግሊዝ፦ ፎርሙ ላይ የጻፋችሁት ይይዛችኋል

በእንግሊዝና በዌልስ ምግብ ቤት፣ ባር ወይም ናይት ክለብ ሊከፍት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) «አይቻልም» እንዳይለው ነው። ለመጠጥና ለሌሊት ሥራ ፈቃድ ግን ሕጉ ከሚገመተው በላይ ወደ አመልካቹ ያደላል። በ2003 የወጣው የላይሰንሲንግ አክት በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ተቃውሞ ካልቀረበ ካውንስሉ ፈቃዱን መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ብዙ ቤት የሚቸገረው ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ከሰቀለ በኋላ ነው፤ ማመልከቻው ላይ እንደ ዋዛ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ግዴታ ሆኖ ይመለስበታል። የራቁት ጭፈራ የሚቀርብበት ቤት ሌላ ሕግ አለው፣ እዚያ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ የምጽፈው እነርሱን አይመለከትም። ሰዓቶቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ 23:00 ሲባል ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ይታወቅ። አልኮል በማንኛውም ሰዓት ሲሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ከ23:00 እስከ 05:00 ባለው ጊዜ ትኩስ ምግብ ወይም ትኩስ መጠጥ ለሕዝብ መሸጥም ይጠይቃል፤ አልኮል የሚባል ነገር በቤቱ ባይኖርም። ቡና ቤት ከፍተው «እኛ መጠጥ አንሸጥም» የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከጀበና የተቀዳ ቡና በ23:20 ከተሸጠ ያለ ፈቃድ የተሸጠ ነው፣ ያው ቤት ለስላሳ ከፍሪጅ አውጥቶ ቢሸጥ ግን ችግር የለውም። ሙዚቃን በተመለከተ፣ የአልኮል ፈቃድ ያለው ቤት ከ08:00 እስከ 23:00 ታዳሚው ከ500 ካልበለጠ ባንድም ሆነ ዲጄ ቢያስገባ ለሙዚቃው የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከ23:00 በኋላ ግን ሙዚቃው ራሱ በፈቃዱ ላይ መጻፍ አለበት። ሺሻ ለብቻው በዚህ ሕግ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ጣሪያ ባለውና ከግድግዳው ከግማሽ በላይ በተዘጋ ቦታ ሺሻ ማጨስ በሲጋራ ሕጉ ክልክል ነው። በፕላስቲክ መጋረጃ የተከበበ የጓሮ ድንኳን ብዙ ቤቶችን ያስቀጣው በዚህ ነው።

ማመልከቻው ፎርም፣ የቤቱ ፕላን፣ ክፍያና አልኮል የሚሸጥ ከሆነ የዲፒኤስ ስምምነት አለው። ዲፒኤስ የሚባለው የቤቱ መጠጥ ኃላፊ ሆኖ የሚመዘገብ ሰው ሲሆን የግል ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። ያንን ለማውጣት አጭር ኮርስ ወስዶ ፈተና ማለፍ፣ ከአንድ ወር ያልበለጠው የወንጀል ሪከርድ ወረቀት፣ በአገሩ የመሥራት መብትና £37 ያስፈልጋል። የቤቱ ፈቃድ ክፍያ የሚወሰነው የቢዝነስ ሬት (የንግድ ቤት ግብር) በሚሰላበት የቤቱ ግምት ነው። ግምቱ እስከ £4,300 ከሆነ ማመልከቻው £100፣ እስከ £33,000 ከሆነ £190፣ እስከ £87,000 ከሆነ £315፣ እስከ £125,000 ከሆነ £450፣ ከዚያ በላይ £635 ነው። በላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች ቤቱ በዋናነት መጠጥ ቤት ከሆነ ክፍያው በእጥፍና በሦስት እጥፍ ያድጋል። ከዚያ በየዓመቱ የሚከፈል አለ፤ ለሁለተኛው ደረጃ £180 ነው። ይህ ካልተከፈለ ፈቃዱ ይታገዳል፤ ኢንቮይሱ የድሮ አድራሻ ሄዶ ቤቱ ሳያውቅ ታግዶ ሲሸጥ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ማመልከቻው ከገባ ማግስት ጀምሮ 28 ቀን ይቆጠራል። በእነዚህ ቀናት ፈዛዛ ሰማያዊ ወረቀት ከውጭ በቀላሉ በሚነበብበት ቦታ ተለጥፎ መቆየት አለበት፤ መጠኑ ቢያንስ ኤ4፣ ፊደሉ ጥቁርና ከ16 ያላነሰ። በአካባቢው ጋዜጣ ላይም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ይወጣል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ይሄ ነው። ነጭ ወረቀት ይለጠፋል፣ ወይም የብረት መዝጊያው ሲወርድ ማስታወቂያው ከውስጥ ይቀራል፣ ወይም ጋዜጣው ላይ የወጣው ሰዓት ፎርሙ ላይ ካለው ይለያል። ያኔ ካውንስሉ ቀኑን ከአዲስ ሊያስጀምር ይችላል፣ ኪራዩ ግን አይቆምም። ወረቀቱን በለጠፋችሁ ቀንና ከዚያም በየሳምንቱ ቀን የሚያሳይ ፎቶ አንሱ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ኦፐሬቲንግ ስኬጁል ወደሚባለው የፎርሙ ክፍል። ሕጉ አራት ዓላማዎች አሉት፦ ወንጀልና ረብሻን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ጎረቤትን የሚረብሽ ነገርን መከላከል፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። አመልካቹ እያንዳንዱን እንዴት እንደሚጠብቅ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ካውንስሉ ወደ ግዴታ ቀይሮ ፈቃዱ ላይ ያሰፍረዋል። ግዴታን መጣስ ፈቃድ ሳይኖር ከመሥራት ጋር በአንድ አንቀጽ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ ጣሪያ የሌለው ገንዘብ፣ እስከ ስድስት ወር እስራት፣ ወይም ሁለቱም ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። አመልካቹ ፖሊስን ለማስደሰት «በር ላይ ሁልጊዜ ሁለት ኤስአይኤ ላይሰንስ (የጥበቃ ሠራተኛ ፈቃድ) ያላቸው ጥበቃዎች ይኖራሉ» ብሎ ይጽፋል። ፈቃዱ ይሰጠዋል። ከዚያ ማክሰኞ ማታ ስምንት ሰው ብቻ ተቀምጦ እራት ሲበላም ሁለት ጥበቃ መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ ወንጀል እየሠራ ነው። መጻፍ የነበረበት «ዓርብና ቅዳሜ ከ22:00 ጀምሮ ቤቱ ተዘግቶ ደንበኛ እስኪበተን ሁለት ጥበቃ፤ በሌሎች ቀናት በጽሑፍ በሚያዝ የስጋት ግምገማ መሠረት» ነበር። ፖሊስ ይህንንም ይቀበላል። ካሜራም እንዲሁ ነው። የተለመደው ግዴታ ቀረጻው ለ31 ቀን እንዲቀመጥና ፖሊስ ሲጠይቅ የሚያወጣ ሰው በሥራ ሰዓት ሁሉ እንዲኖር ነው። ስምንት ካሜራ በከፍተኛ ጥራት የሚቀርጽ ማሽን ትንሽ ዲስክ ካለው በሁለት ሳምንት ሞልቶ የድሮውን ይደመስሳል፤ ማንም አያስተውልም፣ ጠብ ተነስቶ ፖሊስ ከሃያ ቀን በፊት የነበረውን ቀረጻ እስኪጠይቅ ድረስ። ማሽኑን ስትገዙ የሚሸጥላችሁን ሰው በቀን ስንት ጊጋባይት እንደሚበላ ጠይቁና በ31 አባዙ፤ ትርፍም ያዙለት።

«ሙዚቃው ከውጭ ፈጽሞ አይሰማም» ብሎ መጻፍም ራስን ማሰር ነው፤ በር በተከፈተ ቁጥር ይሰማል። «በአቅራቢያው ያለውን ነዋሪ እስከሚረብሽ ድረስ አይሰማም» ማለት ሌላ ነው። ከላይ ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ከሆነ ከሌላው ድምፅ ይልቅ የሚያስቸግረው ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ነው፤ በግድግዳና በምሰሶ በኩል ይወጣል። ስፒከሩን ከግድግዳ አላቆ በጎማ ላይ ማስቀመጥና በካውንስሉ የድምፅ ባለሙያ ፊት የተስተካከለ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ የሚገድብ መሣሪያ) መግጠም ከብዙ ቃል ኪዳን ይሻላል። ሊሚተሩ ዲጄው እጁ ሊደርስበት በማይችል፣ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይሁን።

በ28ቱ ቀናት ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ የሚችለው ፖሊስ፣ የካውንስሉ የድምፅና ጤና ክፍል፣ እሳት አደጋ፣ ኢሚግሬሽንና ሌሎችም መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ማንኛውም ሰው ነው። ተቃውሞው ግን ከአራቱ ዓላማዎች አንዱን መንካት አለበት። «ሰፈሩ ሌላ ባር አያስፈልገውም» ወይም «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል» ተቀባይነት የለውም። አብዛኛው የመሥሪያ ቤት ተቃውሞ በኢሜይል ድርድር ያልቃል፤ ሰዓት ትንሽ ይቀነሳል፣ አንድ ሁለት ግዴታ ይጨመራል፣ ተቃውሞው ይነሳል። ስለዚህ ከማመልከት በፊት የፖሊሱን የላይሰንሲንግ ኦፊሰር ማነጋገር ዋጋ አለው። ካልተስማሙ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ሦስት ካውንስለሮች የሚቀመጡበት ችሎት ይጠራል፤ ውሳኔው ካልጣማችሁ ወደ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ለመሄድ 21 ቀን አላችሁ። ቤቱ ብዙ መጠጥ ቤት በተሰበሰበበት፣ ካውንስሉም ይህንን በፖሊሲው ባሳወቀበት አካባቢ ከሆነ (በለንደን የዌስትሚኒስተር ካውንስል ዌስት ኤንድ የታወቀው ነው) ችግር እንደማትጨምሩ የማሳመኑ ሸክም በተግባር በእናንተ ላይ ይወድቃል። እዚያም ቢሆን ማንም ካልተቃወመ ፈቃዱ ይሰጣል።

ሰዓት ላይ መስገብገብ አያዋጣም። «ለማንኛውም እስከ 03:00 እንጠይቅ» የሚለው ልማድ ተቃዋሚ ከመጥራቱ ሌላ ገንዘብም ያስከፍላል። በ2013 ኒውካስል የጀመረው፣ በኋላም እንደ ኢዝሊንግተን፣ ሃክኒና ካምደን ያሉ የለንደን ካውንስሎች የወሰዱት የሌሊት ሌቪ (ተጨማሪ ዓመታዊ ክፍያ) የሚጣለው ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ጊዜ አልኮል ለመሸጥ የሚያስችል ፈቃድ ባለው ቤት ላይ ነው፤ ሰዓቱን ተጠቀማችሁበት አልተጠቀማችሁበት አይጠየቅም። ለሁለተኛው ደረጃ በዓመት £768፣ ለሦስተኛው £1,259 ነው። ሌላው የሚረሳው የፕላኒንግ ፈቃድ፣ ማለትም ሕንፃው ለምን ሥራ እንደሚውል የሚወስነው ፈቃድ ነው። ላይሰንሱ 02:00 ብሎ ፕላኒንጉ 23:00 ካለ የምትዘጉት በ23:00 ነው።

ለአንድ ሌሊት ፕሮግራም ሙሉ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ቴን የሚባለው የጊዜያዊ ዝግጅት ማስታወቂያ ይበቃል። ክፍያው £21 ነው፣ ሠራተኛና ባንዱን ጨምሮ በአንድ ጊዜ ከ499 ሰው አይበልጥም። ካውንስሉ ዘንድ መድረስ ያለበት 10 ሙሉ የሥራ ቀን ሲቀረው ነው፤ የደረሰበት ቀንና የዝግጅቱ ቀን አይቆጠሩም። የእኛን በዓል የሚያዘጋጁ ሰዎች ገና ላይ የሚወድቁት የእንግሊዞቹ ገናና አዲስ ዓመት በመሃል ስለሚገቡ ነው። የ2027 የገና ዋዜማ፣ ጃንዋሪ 6፣ ረቡዕ ነው። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጃንዋሪ 1 ዓርብ፣ ዲሴምበር 25 ዓርብና ምትክ በዓሉ ሰኞ ዲሴምበር 28 ይዘለላሉ፤ ቅዳሜና እሑዶቹም እንዲሁ። አሥረኛው ቀን ዲሴምበር 18 ላይ ይውላል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ቢዘገይ ቢዘገይ ዲሴምበር 17 መድረስ አለበት። ከ5 እስከ 9 የሥራ ቀን ሲቀር የሚገባ «ዘግይቶ የመጣ» ቴንም አለ፤ ግን ፖሊስ ወይም የድምፅ ክፍሉ አንድ ተቃውሞ ካቀረበ ያለ ችሎት ያበቃለታል። አዳራሽ ከፍላችሁ፣ ዘፋኝ አስመጥታችሁ በዚህ ላይ አትተማመኑ።

የራቁት ጭፈራ ያለበት ቤት ከዚህ ሁሉ ላይ ሁለተኛ ፈቃድ ይጠየቃል። መሠረቱ የ1982ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ሲሆን ስትሪፕ ክለብን ያስገባበት በ2009 የተደረገው ማሻሻያ ነው፤ በእንግሊዝ ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ ካውንስሎች ይህንን እየመረጡ አጽድቀውታል። የሚነካው ተመልካችን በወሲብ ስሜት ለማነሳሳት ተብሎ በዋናነት የሚቀርብ የቀጥታ ራቁት ትዕይንት ነው፤ ተመልካቹ አንድ ሰው ቢሆንም። ከ12 ወር ውስጥ ከ11 ጊዜ ያልበለጠ፣ እያንዳንዱ ከ24 ሰዓት የማይረዝምና በመሃሉ ቢያንስ አንድ ወር ያለው ዝግጅት ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሆኖም በ2003ቱ ሕግ ጭፈራው አሁንም ፈቃድ ወይም ቴን ይፈልጋል፤ ይህንን የሚዘነጉ ባሮች ጥቂት አይደሉም።

እዚህ ካውንስሉ ክንዱ ረጅም ነው። ለአካባቢው የሚበቃው የዚህ ዓይነት ቤት ብዛት ስንት ነው የሚለውን ራሱ ይወስናል፣ መልሱም ዜሮ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቅርብ ነው፣ የሰፈሩ ጠባይ አይስማማም ብሎም መከልከል ይችላል። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ሲከለክል ወደ ማጅስትሬት ይግባኝ የለም፤ የሚቀረው ውድ የሆነው የከፍተኛው ፍርድ ቤት የዳኝነት ክለሳ ብቻ ነው። ተቃዋሚ «ኃጢአት ነው» ቢል አይቆጠርለትም፤ «ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት መንገድ ላይ ነው» ቢል ይቆጠርለታል። የተቃዋሚው ስምና አድራሻ ያለ ፈቃዱ ለአመልካቹ አይነገርም፣ በመጠጥ ፈቃድ ግን ስሙ በአብዛኛው ይገለጣል።

ክፍያውን እያንዳንዱ ካውንስል ወጪውን አስልቶ ስለሚያወጣው ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ዌስትሚኒስተር ላይ የወሲብ ሱቆች ካቀረቡት ረጅም ክስ በኋላ ክፍያውን በሁለት ከፍሎ ማስከፈል ተለምዷል፤ ለማመልከቻው ምርመራ አንድ፣ ፈቃዱ ሲሰጥ ደግሞ ሌላ። ማስታወቂያው በሩ ላይ 21 ቀን ይለጠፋል፣ ጋዜጣው በ7 ቀን ውስጥ ይወጣል፣ ለፖሊስ ቅጂ በ7 ቀን ይላካል፣ ተቃውሞ 28 ቀን ይጠበቃል። ግዴታዎቹ ከመጠጥ ፈቃዱ ይልቅ የጠበቁ ናቸው፦ ጨፋሪና ደንበኛ አለመነካካት፣ ከመንገድ ወደ ውስጥ አለመታየት፣ በግል ክፍሎች ሳይቀር ካሜራ፣ የእያንዳንዷ ጨፋሪ ዕድሜና የሥራ መብት ማስረጃ በፋይል መያዝ።

ፈቃዱ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። ዓመት ዓመት ሲታደስ መኖሩም ዋስትና አይሆንም፤ በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤት በኦክስፎርድ ጉዳይ ካውንስሉ ቀድሞ የሰጠውን ፈቃድ ምክንያቱን ገልጾ አላድስም ማለት እንደሚችል ወስኗል። የማደሻው ማመልከቻ ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ከገባ ውሳኔው እስኪሰጥ የድሮው ይቀጥላል። አንድ ቀን ካለፈ ግን ቤቱ ፈቃድ የለውም፣ የሚያመለክተውም እንደ አዲስ ነው፤ ካውንስሉ በመሃል የቤቶቹን ብዛት ዜሮ ካደረገ ደግሞ አዲሱ አመልካች የሚገባው በዚያው ዜሮ ላይ ነው።