በቮጋ ባቡር ወደ ጫማ ሠሪዎቹ ከተማ፦ የፖርቹጋል የሥራ ሕግ በቁጥር

ከፖርቶ በስተደቡብ ኤስፒኞ ላይ ትልቁን ባቡር ለቅቀን የቮጋ መስመር ወደሚነሳበት ሌላ ጣቢያ በእግር ተሻገርን። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ባቡሩ በጓሮዎች መካከል እየተጠማዘዘ ባርኔጣና ጫማ ወደሚመረትባት ሳኦ ዣኦ ዳ ማዴይራ ያደርሳል። የፖርቹጋል ኢኮኖሚ ማገገም ሠራተኛውን እንዴት እንደነካው ለማየት እንዲህ ያለ የፋብሪካ ከተማ ከሊዝበን ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 አገሪቱ 78 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ስትቀበል፣ ሠራተኛ የማሰናበት ወጪን መቀነስ አንዱ ግዴታ ነበር። ቀድሞ ከሥራ የተቀነሰ ቋሚ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈለው ነበር። ይህ መጀመሪያ ወደ 20፣ በ2013 ወደ 12 ቀን ወረደ፤ በ2023 ወደ 14 ከፍ አለ። መሠረታዊ የወር ደመወዙ 900 ዩሮ ለሆነ ሰው የቀኑ ሒሳብ 30 ዩሮ ነው፤ የአንድ ዓመት ካሳው በድሮው 900፣ በ12 ቀን 360፣ አሁን 420 ዩሮ ይሆናል።

ስሕተት የሚበዛው በነባሮቹ ላይ ነው። በ2010 የተቀጠረ ሰው እስከ ኦክቶበር 2012 መጨረሻ ያገለገለው በ30፣ ከዚያ እስከ ሴፕቴምበር 2013 መጨረሻ በ20፣ ቀጥሎ ያለው በ12፣ ከሜይ 2023 ወዲህ ያለው በ14 ቀን ተሰልቶ ይደመራል። ሁሉን በ12 ያባዛ አሠሪ የሰውን የዓመታት ላብ ይበላል።

ሥራ የተገኘው ስንብት ስለረከሰ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሥራ አጥነት በ2013 መጀመሪያ ከነበረበት ከ17 በመቶ በላይ በ2019 ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ485 ወደ 600 ዩሮ አድጓል። ቱሪዝሙና የውጭ ንግዱ ብዙ ሠርተዋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መሰደዳቸውም መዘንጋት የለበትም፤ የሄደ ሰው ከሥራ አጥ አይቆጠርም።

ፖርቶ ላይ በ«አረንጓዴ ደረሰኝ»፣ ማለትም የግል ባለሙያ ለአገልግሎቱ በሚቆርጠው ደረሰኝ፣ የሚሠሩት ይበዛሉ፤ በወረቀት የግል ባለሙያ ናቸው። በወር 1,000 ዩሮ የአገልግሎት ገቢ ያለው፣ የ70 በመቶው ማለትም የ700 ዩሮው 21.4 በመቶ፣ 149.80 ዩሮ፣ ለማኅበራዊ ዋስትና ይከፍላል። የመጀመሪያው 12 ወር ነፃ ስለሆነ ብዙዎች በ13ኛው ወር ይደነግጣሉ። ገቢውን በየሩብ ዓመቱ፣ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ማስታወቅ አለበት።

በአረንጓዴ ደረሰኝ የሚሠራ ሰው የሚሠራበት ቦታም መሣሪያውም የድርጅቱ ከሆነ፣ የሥራ ሰዓቱንም ድርጅቱ ከወሰነ፣ ሰውየው ተቀጣሪ ነው ተብሎ ይገመታል። የሥራ ተቆጣጣሪው ድርጅቱ በ10 ቀን እንዲያስተካክል ያዛል፤ ካላስተካከለ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ክሱን የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕጉ ስለሆነ ሠራተኛው ከኪሱ ጠበቃ መቅጠር አይጠበቅበትም።