ወፍራም ቡናን በእንግሊዝኛ እስክጠራው ድረስ

ጅማ ውስጥ ቡና አዘጋጅቶ ወደ ውጭ አገር በሚልክ አንድ አነስተኛ ድርጅት በጸሐፊነት ሥራ ከጀመርኩ ገና አራተኛ ወሬን ሳልጨርስ፣ ስለላክንለት ናሙና ባሕርይ ለጠየቀን አንድ ገዥ መልስ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። በመሥሪያ ቤቱ ያለን ሁሉ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋው ቀማሻችን ናሙናውን ከማንኪያው ስበው ከተፉ በኋላ «ወፍራም ነው፤ አፍ ይሞላል» ብለውኝ ነበርና እኔም ሳላመነታ «አወር ኮፊ ኢዝ ቬሪ ቲክ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ የደረሰን መልስ በትሕትና የተጻፈ ቢሆንም አንገቴን አስደፋኝ። ገዥው «ወፍራም» ያልኩት ፍሬውን ይሁን የተፈላውን ቡና እንዳልገባው ገልጾ፣ ፍሬውን ከሆነ በስንት ቁጥር ወንፊት እንደተነፋ እንድነግረው ነበር የጠየቀኝ።

ዓረፍተ ነገሬ በሰዋስው ረገድ እንከን አልነበረበትም፤ እያንዳንዱም ቃል መዝገበ ቃላት ላይ የሚገኝ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ እንደተማረ ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ የማላውቀው ማን ከማን ጋር እንደሚውል ነበር። እኛ ቡናን በውፍረትና በቅጥነት ነው የምንለካው። አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናው ለስለስ ይላል፣ በረካው ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀጠነ ተብሎ ይታማል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ያንኑ ቡና በዕለት ንግግሩ ስትሮንግ ወይም ዊክ፣ ማለትም ጠንካራ ወይም ደካማ ይለዋል፤ ቀማሽ ሲሆን ደግሞ ጋሼ «አፍ ይሞላል» ያሉትን ፉል ቦዲ በሚለው ጥምረት ይገልጸዋል። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጄ. አር. ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ቃልን የሚያውቁት አብሮት በሚውለው ባልንጀራው ነው የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። ይህን ያነበብኩት ከውርደቱ በኋላ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም፣ በልቤ ተተክሎ ቀረ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ከንቱ ድካም ነበር። ከኢንተርኔት ላይ ሁለት መቶ ያህል ጥንድ ቃላት በፊደል ተራ የተደረደሩበት ዝርዝር አውርጄ ማታ ማታ እንደ ዳዊት ደገምኩት፤ በሳምንቱ ስፈተን ግን ግማሹ ጠፍቶኛል፣ የቀረውም ተደባልቋል። ከሁሉ የከፋው ሜክ እና ዱ የሚሉትን ሁለት ግሶች ፊት ለፊት ባሉ ገጾች ላይ ጽፌ በአንድ ሌሊት ለማጥናት መሞከሬ ነው። በአማርኛ ወንበርም ይሠራል፣ ወጥም ይሠራል፣ የቤት ሥራም ይሠራል፣ ስህተትም ይሠራል። እንግሊዝኛው ወንበሩን፣ ወጡንና ስህተቱን ለሜክ ሰጥቶ የቤት ሥራውን ለዱ ይተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስላጠናኋቸው፣ ስህተት የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር ሁለቱም ግሶች እኩል ይደቀኑብኝና የትኛው እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር። ኋላ ላይ አንድ ወር ሙሉ ሜክ የሚገባባቸውን ብቻ ያዝኩና ዱን ጨርሶ ወደ ጎን አደረግኩት። የሚመሳሰሉ ቃላትን አራርቆ ማጥናት እንዲህ የሚረዳ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛው ሙከራ ግን ፍሬ ሰጠ። ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ገዛሁና ለእያንዳንዱ ገጽ በሥራዬ ላይ በየቀኑ የማገኘውን አንድ ስም ራስጌ አድርጌ ሰጠሁት፤ ናሙና፣ ዋጋ፣ ውል፣ ትዕዛዝ፣ ጭነት፣ ዝናብ እያልኩ። ከዚያ በፋይላችን ውስጥ የተቀመጡትን የሦስት ዓመት የገዥዎች መልእክቶች እያገላበጥኩ፣ እነርሱ ያንን ስም ከየትኛው ግስና ከየትኛው ቅጽል ጋር እንዳዋሉት ለቀምኩ። መነሻዬን ግሱን ሳይሆን ስሙን ማድረጌ በአጋጣሚ የመጣ ቢሆንም ትክክል ነበር፤ ሰው ሊናገር ሲነሣ ስለምን እንደሚናገር አስቀድሞ ያውቃልና የሚጎድለው የሚያንቀሳቅሰው ግስ ነው።

የትዕዛዝ ገጽ ብቻውን የደብተሩን ዋጋ መለሰልኝ። በአማርኛ ገዥ ለሻጭ ትዕዛዝ ይሰጣል። እኔም ለወራት «ትዕዛዝ እንዲሰጡን እንጠብቃለን» ለማለት ጊቭ የሚለውን ግስ እየተጠቀምኩ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በእንግሊዝኛ ጊቭ አን ኦርደር ሲባል ግን አዛዥ ለወታደር፣ አለቃ ለበታቹ የሚሰጠው ነው፤ ነጋዴው ትዕዛዙን የሚያኖረው ፕሌስ በሚለው ግስ ነው። ደንበኞቻችን «እዘዙን» እያልኩ እንደምማጸናቸው ሆኖ ይሰማቸው እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል። በውል ገጽ ላይ በአንጻሩ ያልጠበቅሁት ዕረፍት አገኘሁ። እኛ ውል እንፈርማለን፣ ስምምነት ላይ እንደርሳለን፤ እነርሱም ኮንትራት ይፈርማሉ፣ አግሪመንት ላይ ይደርሳሉ። እንዲህ የተገጣጠሙትን ሳላጠናቸው አለፍኳቸው፤ ጉልበቴን ለተለያዩት ማቆየት ነበረብኝ።

ከተለያዩትም መካከል ፍርድ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት በኅዳር፣ እሸት ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ ሦስት ቀን ስላላቋረጠ ጭነቱ እንደሚዘገይ ማስታወቅ ግድ ሆነብኝና «ስትሮንግ ሬይን» ብዬ ጻፍኩ። እንግሊዝኛው ሄቪ ሬይን፣ ከባድ ዝናብ ነው የሚለው፤ ይሁን እንጂ ገዥው ነገሩን ተረድቶ አዝኖልን አለፈ። ዝናቡን በሚመለከት የሠራሁት ስህተት ጆሮ ከመቆርቆር በቀር ያስከተለው ነገር የለም፤ ትዕዛዙን በሚመለከት የሠራሁት ግን ትርጉም ይለውጣል። ስለዚህ በገጹ ዳር ትርጉም የሚለውጡትን በቀይ፣ ጆሮ የሚቆረቁሩትን በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ቀዩን አስቀደምኩ። ሄቪን ከተማርኩ በኋላ ደግሞ አዲስ ሕመም ጀመረኝ። ዝናብ ሄቪ፣ የመኪና መጨናነቅ ሄቪ፣ ሲጋራ የሚያበዛ ሰው ሄቪ ሲባል አይቼ ነፋሱንም ሄቪ አልኩት፤ ነፋስ ግን ስትሮንግ ነው። እኛ ዝናቡንም ነፋሱንም ኃይለኛ ብለን እንገላገላለን፤ አንዱን ጥንድ ማወቅ የጎረቤቱን ለመገመት መብት እንደማይሰጥ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ሲገጥመኝ ማረጋገጫ የሚሆነኝን አንድ ነገር በስልኬ አገኘሁ። የብሪታንያ ብሔራዊ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ቃላት የያዘ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ከጽሑፍ፣ 10 በመቶ ያህሉ ከንግግር የተወሰደ ነው። አንድ ስም ሲያስገቡበት ከፊቱና ከኋላው የሚመጡትን ቃላት በየዓረፍተ ነገራቸው ይዘረዝራል። ጉዳቱ ክምችቱ የእንግሊዞቹ መሆኑ ነው፤ እነርሱ ሻወርን ሃቭ ሲያደርጉት አሜሪካኖቹ ቴክ ያደርጉታል፤ ገዥዎቻችን ደግሞ ከሁለቱም ወገን አሉ። እኔ ግን ሻወር መውሰዴን ለገዥ የምጽፍበት ምክንያት ስለሌለ ይህን ብዙም አልተጨነቅኩበትም።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ራሱ አማርኛው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን ጋሼ አስነጥሰው «ጉንፋን ያዘኝ» ሲሉ፣ እንግሊዝኛው የሚለው «እኔ ጉንፋን ያዝኩ» መሆኑን ነገርኳቸው። «ታዲያ ፈረንጅ ጉንፋኑን ሮጦ ነው የሚይዘው?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ለእኔ ደብተር አዲስ ገጽ ከፈተ። በእኛ ዘንድ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፣ እንቅልፍ ሰውን ይጥላል፣ አውቶቡስ ሰውን ያመልጣል፤ ይህ የአማርኛ ጠባይ ብቻ አለመሆኑን፣ በአፋን ኦሮሞም በሽታው ሰውየውን እንደሚይዘው ጋሼ ጨመሩልኝ። በእንግሊዝኛ ግን ጉንፋኑን የሚይዘው፣ እንቅልፍ ውስጥ የሚወድቀው፣ አውቶቡሱንም የሚስተው ሰውየው ራሱ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድ ምስኪን ሰው ይመስለኛል።

በተቃራኒው እኛ የምንዘረዝረውን እነርሱ የሚጠቀልሉበትም አለ። ልብስ እንለብሳለን፣ መነጽር እናደርጋለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ሽቶ እንቀባለን፤ እንግሊዝኛው ሽቶውን ሳይቀር ሁሉንም ዌር ይለዋል። ፎቶ እናነሣለን፣ ኪኒን እንውጣለን፣ ባጃጅ እንይዛለን፤ ለእነርሱ ሦስቱም ቴክ ነው። መብራት ሲጠፋ እኛ «ሄደ» ስለምንል፣ ስብሰባ ላይ ዘግይቼ የተገኘሁበትን ምክንያት «ዘ ላይት ሃዝ ጎን» ብዬ ያስረዳሁበትን ቀንም አስታውሳለሁ። እነርሱ የሚሉት ፓወር እንጂ ላይት አይደለም፤ የእኔውን የሰማ ሰው አንድ አምፖል የት ሄደ ሳይል አይቀርም። ለእያንዳንዱ ገጽ በግራ በኩል አማርኛውን፣ በቀኝ በኩል እንግሊዝኛውን ጽፌ፣ ማለዳ ሻይ እስኪፈላ ድረስ የቀኙን በእጄ እየሸፈንኩ ራሴን መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ከአምስት ገጽ በላይ አልሄድም ነበር። በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ሲንክሌር፣ ሰው በአብዛኛው ቃል በቃል እየመረጠ ሳይሆን ከፊል የተዘጋጁ ሐረጎችን እያነሣ እንደሚናገር አስረድቶ ነበር። እኛስ «እንኳን አደረሰህ» ስንል መቼ እያንዳንዷን ቃል መርጠን እናውቃለን?

በጥር ወር ያ የወንፊት ቁጥር የጠየቀኝ ገዥ ራሱ ጅማ መጣ። በድርጅቱ ግቢ ቡና ተፈልቶ ሲቀርብ፣ ጥቂት አማርኛ ተምሮ ነበርና ለቀጂዋ «ጠንካራ ቡና እፈልጋለሁ» አላት። ሴትዮዋ ሲኒውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞር ብላ «ወንድሜ፣ ጥሬውን ነው የሚለው?» አለችኝ። ወፍራም ማለት እንደነበረበት ነገርኩት፤ ወፍራም የሚለውን ቃል ሲሰማ ያችን ደብዳቤ አስታውሶ ሳቀ፣ ከኪሱም ትንሽ ማስታወሻ አውጥቶ ቃሉን ጻፈ።

ደብተሩ አሁን ስልሳ ያህል ገጾቹ ተሞልተዋል። የቀሩኝ አስቸጋሪዎቹ መስተዋድዶቹ ናቸው። እኛ ስለ አንድ ጉዳይ እንወያያለን፤ የእንግሊዝኛው ዲስከስ ግን «ስለ» የሚለውን አቻ፣ አባውትን፣ አይቀበልም፣ ጉዳዩን በቀጥታ ያስከትላል። ይህን ካወቅኩና በቀይ ካሰመርኩበት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ማክሰኞ ስለ ጭነቱ ቀን እንወያይ ብዬ ለገዥው ስጽፍ ግን አባውት የምትለዋ ቃል ሾልካ ገባች፤ ያየኋትም መልእክቱ ከሄደ በኋላ ነው።