ቆጠረ እና ቋጠረ

ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ደንገል ከሚባለው የጣና ዳር ረጅም ሣር ታንኳ ታስሮ ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብዬ ያየሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። እንድሄድ ያደረገችኝ ደግሞ በአካል አይቻት የማላውቅ የቺሊ ሴት ናት።

ሴሲሊያ ቪኩኛ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1948 ሳንቲያጎ ነው የተወለደችው። ገጣሚም ሠዓሊም ናት። በ1973 ቺሊ ውስጥ ወታደሮች መንግሥት ሲገለብጡ እሷ ለንደን ነበረች፤ መመለሻ አጥታ በስደት ቀረች፣ ከዚያ ቦጎታ፣ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ኒውዮርክ። ስሟን የሰማሁት በ2022 የቬኒስ ቢየናሌ የሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ለዕድሜ ልክ ሥራዋ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ሲሰጣት ነው።

የምትሠራው ኪፑ ነው። ኪፑ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢንካዎች፣ ስፔኖች ከመድረሳቸው በፊት፣ አንዲስ ተራሮች ላይ ይጠቀሙበት የነበረ የገመድ መዝገብ ነው። ከላይ አንድ ወፍራም ገመድ አለ፣ ከሱ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ይንጠለጠላሉ፣ እነሱ ላይ ቋጠሮ ይቋጠራል። ከታች ያለው የአንድ ቤት ነው፤ ከፍ ሲል የአስር ቤት፣ ከዚያ የመቶ ቤት፣ ልክ ሁለተኛ ክፍል እንደተማርነው። ዜሮ ከሆነ ቦታው ባዶ ይቀራል። የሕዝቡን ብዛት፣ ግብሩን፣ በጎተራ ያለውን እህል እንዲህ ነበር የሚይዙት። በ1583 የሊማ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የጣዖት ነገር ነው ብሎ እንዲጠፋ አዘዘ። የተረፈው ተረፈ።

ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝና ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። በኛ ቋንቋ ቆጠረ እና ቋጠረ ለመለየት አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚበቃው! አያቴ የእቁብ ብሯን ቆጥራ መቀነቷ ላይ ትቋጥር ነበር። ማታ ደግሞ መቁጠሪያዋን ይዛ 41 ኪርያላይሶን። ስንቅ እንቋጥራለን፣ ቂም እንቋጥራለን፣ ዛፉም ፍሬ ይቋጥራል። ኪፑ ምን እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ወደ ሴሲሊያ ልመለስ። የመጀመሪያ ኪፑዋን በ1966 ስትሠራ ስሙን «ምንም የማያስታውስ ኪፑ» አለችው። ይሄ ስም በጣም ነው የምወደው። ከዚያ እያደገ ሄዶ በ2022 ለንደን፣ ቴት ሞደርን የሚባለው ሙዚየም ውስጥ 27 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ኪፑዎች ሰቀለች። ወደ ዘጠኝ ፎቅ ማለት ነው። ያልተፈተለ ሱፍ፣ ገመድ፣ ካርቶን፣ እና ለንደን የሚኖሩ የላቲን አሜሪካ ሴቶች ቴምዝ ወንዝ ዳር የለቀሙት ስብርባሪ አለበት። ሁሉም የነጣ፣ እንደ ደረቀ ዛፍ አጥንት የሚመስል። ለሚጠፋው ደን ነው የሠራችው። እኔ ያየሁት በስልክ ነው፣ እሱም መሀል ላይ መብራት ሄዶ ኔትወርኩ ተቋርጦ።

ግን የያዘኝ ትልቅነቱ አይደለም። እኔ ለቱሪስት የሚሸጥ ሥዕል ነው የምሠራው፤ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ መላእክት፣ ፍየል ቆዳ ላይ። ከዘጌ ገዳማት ግድግዳ በፎቶ የተገለበጠ። «ባህላዊ» ብዬ ነው የምሸጠው። እሷ ግን የኢንካ ፀሐይ ወይ የኢንካ ጭንብል አልገለበጠችም። የወሰደችው እጃቸው የሚሠራውን ነው፣ መቋጠሩን። እኔ መልኩን ነው የወሰድኩት። ይሄ ንጽጽር ደስ አላለኝም።

እንግዲህ እዚህ ከተማ እጅ የሚቋጥረው ምንድን ነው ስል ታንኳ መጣልኝ። ለነገሩ የኛ ደንገል ከአንዲስ ሰዎች እጅ ጋር ድሮ ተገናኝቷል። በ1970 የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል ራ ሁለት የምትባለውን ጀልባ ከጣና በሄደ ደንገል አሠራ። ያሰሯት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራ የሚባሉ የአንዲስ ሕዝብ ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ከሐይቃቸው ሣር ታንኳ የሚሠሩ። ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ሰውዬው ሊያረጋግጥ የፈለገው የጥንት ሰዎች በሣር ጀልባ ውቅያኖሱን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ነው፤ ብዙም አያሳምነኝም፣ ዛሬ ጀልባ መሻገሩ ያኔ ሰው መሻገሩን አያሳይም። ግን የጣና ደንገል በቲቲካካ ቋጠሮ!

ቅዳሜ ያገኘኋቸው፣ በጣና ዳር ታንኳ በማሰር ከሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች አንዱ የሆኑ አባት የደረቀውን ደንገል ጠቅልለው፣ እግራቸውን ጥቅሉ ላይ ተክለው፣ ገመዱን ወደ ኋላ ተንጋለው ይስባሉ። ገመዱ ሲጥ ይላል። ያኔ ብቻ ነው የሚቋጥሩት። እኔም ሞከርኩ፣ መዳፌ ተላጠ፣ ቋጠሮው ደግሞ እሳቸው በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጉት ተፈታ።

«አባባ፣ ይችን ይዩልኝ» ብዬ የድሮ ኪፑ ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኩን አራቅ አድርገው ያዙት።

«ይሄ ስንት ይላል?»

ቆጠርኩላቸው። «ሁለት መቶ ሠላሳ አራት።»

«ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ምን? ላም ነው? ብር ነው?»

«እሱ አይታወቅም አባባ። ቁጥሩ ይነበባል እንጂ የምን ቁጥር እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች ሞተዋል።»

ስልኩን መለሱልኝ። «አይ ልጄ፣ ልጆቻቸውን አላስተማሩማ» አሉና ገመዱን አነሱ።